የቢትኮይን ኖድ በደሴና በኮምቦልቻ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ካለፈው እትም ወዲህ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው፤ በቤት ኮምፒውተር ላይ የቢትኮይን ኖድ ማቆየት፤ ኖድ ማለት የቢትኮይን ግብይቶችን ሁሉ አውርዶ ራሱ የሚፈትሽ ኮምፒውተር ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን አቅርበናል። መልሶቹ በሙሉ ቢትኮይን ኮር የተባለውን ፕሮግራም የሚመለከቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው። ቢትኮይን ኮርን ጭኜ ቀናት ሲያወርድ ከቆየ በኋላ ዲስኩ ሞልቶ ፕሮግራሙ ራሱን ዘጋ። ጠቅላላ መጠኑ ከ600 ጊጋባይት በላይ ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። ሌላ ዲስክ ሳልገዛ መቀጠል እችላለሁ? የድሮዎቹን ፋይሎች በእጄ ብሰርዛቸውስ? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ በእጅዎ አይሰርዙ። አንድ ፋይል ብትጎድል ፕሮግራሙ ሲነሣ ዳታው ተበላሽቷል ብሎ ሁሉንም እንደ አዲስ ሊጠይቅዎ ይችላል። ራሱ እያየ እንዲሰርዝ የሚታዘዝበት መንገድ አለ፤ ፕሩን ይባላል።

ለምን መሰረዝ እንደሚቻል ለማወቅ የዳታ ፎልደሩን ከፍተው ይመልከቱ። ብሎክስ የሚል ፎልደር ያገኛሉ፤ ብሎክ ማለት ከቀደመው ጋር በሰንሰለት የተያያዘ የግብይቶች ጥቅል ነው። ከጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ጀምሮ የተደረገው ግብይት ሁሉ እዚያ ውስጥ ተራ ቁጥር በተሰጣቸው፣ እያንዳንዳቸው 128 ሜጋባይት በሚደርሱ ፋይሎች ተቀምጧል። ዲስክዎን የሞላው እሱ ነው። አጠገቡ ያለው ቼይንስቴት ግን 11 ጊጋባይት አካባቢ ብቻ ነው፤ የሚይዘውም በዚህች ሰዓት ገና ያልወጣውን ገንዘብ ዝርዝር ነው። አዲስ ግብይት ሲመጣ ኖዱ የሚያመሳክረው ከዚህ ዝርዝር ጋር ነው። የሚከፈለው ገንዘብ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ? ፊርማው ይገጥማል ወይ? የሚወጣው ከሚገባው አይበልጥም ወይ? ግብይቱ ብሎክ ውስጥ ገብቶ ሲጸድቅ የድሮው መስመር ይሰረዛል፣ አዲሱ ይጻፋል። ባለሱቅ የተከፈለውን ዱቤ ከደብተሩ ሰርዞ የቀረውን ብቻ እንደሚያይ ማለት ነው።

እንግዲህ አንዴ ተፈትሾ ያለፈ ብሎክ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ለሌሎች ኖዶች ለማካፈል፣ የድሮ ዋሌት (የገንዘብ መያዣ) ታሪክ ለመፈለግና የሰንሰለቱ ጫፍ ሲቀያየር ወደ ኋላ ለመመለስ ብቻ ነው። ለመጨረሻው ደግሞ የቅርብ ጊዜዎቹ ብሎኮች ይበቃሉ። ፕሩን ያደረገ ኖድ ከመጀመሪያው ብሎክ ጀምሮ ሁሉንም ፈትሾ ያለፈ ነው፤ ብሎኮቹን አላቆያቸውም እንጂ ያልፈተሸው የለም። ማከማቸትና ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከያዙ፣ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ይቀሉዎታል።

አሠራሩ ይህ ነው። ፕሮግራሙን በደንብ ዘግተው ቢትኮይን ዶት ኮንፍ የሚባለውን የማስተካከያ ፋይል ይክፈቱ፤ ከሌለ ዳታ ፎልደሩ ውስጥ ይፍጠሩት። ፕሩን ብለው የእኩል ምልክት አድርገው 20000 ይጻፉና መልሰው ያስነሱ። ቁጥሩ በሜጋባይት ነው፤ ስለዚህ ብሎኮቹ 20 ጊጋባይት ገደማ ላይ ይቆማሉ። እስካሁን ያወረዱት አይባክንም፤ ትርፉን ራሱ ሰርዞ ካቆመበት ይቀጥላል። ቼይንስቴቱንና ማውጫውን ጨምረው 40 ጊጋባይት ይያዙለት፣ ከዚያ በላይ 20 ጊጋባይት ባዶ ይተዉ። ነፃ ቦታው ከ50 ሜጋባይት በታች ሲወርድ ፕሮግራሙ ራሱን ይዘጋል፤ እርስዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

የሚፈቀደው ትንሹ ቁጥር 550 ነው። ኖዱ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን 288 ብሎኮች፣ የሁለት ቀኑን ያህል ማለት ነው፣ ለማቆየት ስለሚገደድ ከዚያ አያንስም። እኛ ግን 550 አንመክርም። በመጀመሪያው ማውረድ ወቅት ቦታው በጠበበ ቁጥር ፕሮግራሙ ለመሰረዝ በየደቂቃው ሥራውን ያቋርጣል፤ 20000 ካሉት ደግሞ ከሁለት ወር የሚበልጥ ታሪክ በእጅዎ ይቆያል። ይህ የሚጠቅመው ዋሌት ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የተጠቀሙበትን ዋሌት ፕሩን ያደረገ ኖድ ላይ ካስገቡት፣ ታሪኩ ያለባቸው ብሎኮች ስለተሰረዙ ሒሳቡን ፈልጎ ሊያገኝ አይችልም። የቆየ ዋሌት ካለዎት ማውረዱ ገና ሳይጀመር ያስገቡት፤ እያንዳንዱ ብሎክ ሲያልፍ የራሱን እየለቀመ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር እንጨምር። ፕሩን ዲስክ ይቆጥባል እንጂ ዳታ አይቆጥብም። ሁሉንም ማውረድ ግድ ነው። 10 ሜጋቢት በሰከንድ የሚያወርድ መስመር ሳይቋረጥ ቢሠራ በቀን 108 ጊጋባይት ያህል ያመጣል፤ ስለዚህ ወደ 6 ወይም 7 ቀን ይፈጃል። 4 ሜጋቢት ከሆነ ከሁለት ሳምንት በላይ። ሐሳብዎን ቀይረው ሙሉውን ላቆይ ካሉም እንደገና ከዜሮ ማውረድ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ያለ ጓደኛዬ ሙሉ ኖድ አለው። እኔ ጋ ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ዳታውን በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ሊያመጣልኝ ነው። ግን ሰው የሰጠኝን ዳታ ከተቀበልኩ ራሴ አረጋገጥኩ ይባላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የትኛውን ፎልደር እንደተቀበሉ ይወስነዋል። ብሎክስን ወስደው ቼይንስቴቱን በራስዎ ኮምፒውተር ከገነቡ፣ አዎን፣ ራስዎ አረጋግጠዋል። ቼይንስቴቱንም አብረው ከወሰዱ ግን ጓደኛዎን አምነዋል እንጂ አላረጋገጡም።

ብሎክ በራሱ ላይ ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ነገር ነው። አንድ ፊደል ቢነካ ሃሹ (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣው መለያ) ይለወጣል፣ ከቀጣዩ ብሎክ ጋር ያለው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ከኢንተርኔት መጣ ከሃርድ ዲስክ ለውጥ የለውም። ቼይንስቴት ግን የሥራ ውጤት ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ የጻፍኩት እኔው ነኝ ብሎ ይቀበለዋል። ክፉ ሰው የሌለ ገንዘብ መስመር ቢጨምርበት፣ የእርስዎ ኖድ ያንን ገንዘብ እውነተኛ ነው ይልዎታል፤ ሲከፍልዎትም ክፍያ የመጣ ያስመስላል፣ የቀረው ዓለም ግን አይቀበለውም። አንድ እውነተኛ መስመር ቢያጎድልበት ደግሞ የባሰ ነው፤ ያ ገንዘብ በወጣ ቀን የእርስዎ ኖድ ትክክለኛውን ብሎክ ውድቅ አድርጎ ከኔትወርኩ ተለይቶ ይቆማል። ጓደኛዎ ታማኝ ቢሆን እንኳ የእሱ ራም ወይም ዲስክ ያበላሸው ነገር አብሮ ይመጣል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ጓደኛዎ ኖዱን መጀመሪያ ይዝጋ፤ እየሠራ ያለ ኖድ ዳታ መገልበጥ ግማሹ የአሁን ግማሹ የቅድም የሆነ ቅጂ ይሰጣል። ከብሎክስ ፎልደር ውስጥ ቁጥር ያላቸውን የብሎክ ፋይሎች ይገልብጥ። በስሪት 28 ወይም ከዚያ ወዲህ በወጣ ፕሮግራም ያወረደ ከሆነ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ ኤክስኦር ዶት ዳት የምትባል ጥቂት ባይት ብቻ ያላት ፋይል አለች፤ እሷ ካልመጣች 600 ጊጋባይቱ በሙሉ የማይነበብ ቆሻሻ ነው። ከስሪት 28 ጀምሮ አዲስ የሚወርዱ ብሎኮች ዲስክ ላይ ሲጻፉ ይሸፈናሉ፣ መግለጫው ቁልፍ ያለው እሷ ውስጥ ነው። የዋሌት ፋይል በምንም ምክንያት አይገልበጥ።

በዩኤስቢ 3 በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢገለብጥ 700 ጊጋባይት ለመጨረስ 2 ሰዓት ይበቃል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጨምሮበት እንኳ ከኢንተርኔቱ በብዙ ቀን ይቀድማል። ፋይሎቹን በራስዎ ብሎክስ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው ፕሮግራሙን ሪኢንዴክስ በሚለው ትእዛዝ ያስነሱት። መጀመሪያ ፋይሎቹን አንብቦ ማውጫ ያወጣል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ብሎክ ጀምሮ እየፈተሸ ቼይንስቴቱን ይገነባል። በኤስኤስዲ ላይ የአንድ ወይም የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፣ በተራ ሃርድ ዲስክ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የቀረውን የጥቂት ቀን ብሎክ ከኢንተርኔት ይሞላዋል። ፕሩን ማድረግ ከፈለጉ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል። ፕሮግራሙ በተለመደው አሠራሩ ከአንድ ከታወቀ ብሎክ በፊት ያሉትን ፊርማዎች አይፈትሽም፤ አስዩምቫሊድ የሚባለው ነው። ይህ እምነት አይደለም ወይ? በከፊል ነው። የዚያ ብሎክ ሃሽ በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ነው። የሚዘለለውም የፊርማ ምርመራው ብቻ ነው፤ የሥራ ማስረጃው (ብሎኩን ለመሥራት የኮምፒውተር ድካም መዋሉ)፣ የገንዘቡ ድምር፣ አንድ ገንዘብ ሁለት ጊዜ አለመውጣቱ ሁሉም ይፈተሻል። ያም አይዋጥልኝ ካሉ አስዩምቫሊድን ዜሮ ያድርጉት፤ ሥራው በብዙ ይረዝማል፣ ግን ይቻላል።

ቼይንስቴትን ከሰው መቀበል የሚቻልበት ጨዋ መንገድም መጥቷል። አስዩምዩቲኤክስኦ በሚባለው አሠራር በብሎክ ቁጥር 840,000 ላይ የነበረው ዝርዝር ሃሽ ከስሪት 28 ጀምሮ ኮዱ ውስጥ ስለገባ፣ ያንን ዝርዝር የያዘውን 10 ጊጋባይት አካባቢ የሆነ ፋይል ማንም ቢሰጥዎ ፕሮግራሙ ከሃሹ ጋር አመሳክሮ ካልገጠመ አይቀበለውም። ከገጠመ ከዚያ ወዲህ ያለውን ብቻ አውርዶ ቶሎ ሥራ ይጀምራል፣ የድሮውን ደግሞ ከበስተኋላ ቀስ እያለ ይፈትሻል።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፕ ከተራ ሃርድ ዲስክ ጋር ነው የምጠቀመው። መብራት በሄደ ቁጥር የብሎክ ዳታቤዝ ተበላሽቷል፣ እንደገና ልገንባ? የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እሺ ስለው ሁሉንም ከዜሮ ያወርዳል። ፕሩን አድርጌያለሁ፤ ይፈጥናል ስለተባልኩ ዲቢካሽን 6000 አድርጌዋለሁ። ዩፒኤስ ብገዛ ይበቃል? (ከኮምቦልቻ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ)

መልስ፦ ዩፒኤስ ያስፈልግዎታል፣ ለብቻው ግን አይበቃም። ዲቢካሹን እንደዚያው ከተዉት ዩፒኤሱ ያልቃል፣ ኖዱ ገና እየዘጋ ነው።

ዲቢካሽ የቼይንስቴት ለውጦች ዲስክ ላይ ከመጻፋቸው በፊት ራም ውስጥ የሚጠራቀሙበት ቦታ ነው። ለዓመታት የቆየው መነሻ መጠኑ 450 ሜጋባይት ነው። 6000 ሲያደርጉት ፕሮግራሙ ወደ ዲስክ የሚጽፈው ከስንት አንዴ ነው፤ ለመጀመሪያው ማውረድ በእርግጥ ይፈጥናል። ሲዘጉት ግን ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማራገፍ አለበት፣ ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ያ ደቂቃዎችን ይበላል። መብራት በድንገት ሲሄድ ያልተጻፈው ይጠፋል። ይህ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ ቼይንስቴቱ ወደ ኋላ መቅረቱን አይቶ ካለፈው ማራገፊያ ጀምሮ ብሎኮቹን ደግሞ ያስኬዳል። የሚጠፋው የሰዓታት ሥራ ነው። እውነተኛው ብልሽት የሚመጣው መብራቱ በመጻፍ መሃል ሲሄድ፣ በተለይም ዲስኩ ጻፍኩ ብሎ ገና ሳይጽፍ ሲቀር ነው። ርካሽ የውጭ ዲስኮችና የላላ የዩኤስቢ ገመድ በዚህ የታወቁ ናቸው። ዲስኩ በኤክስፋት ወይም በፋት 32 የተፎረመተ ከሆነም ድንገተኛ መቋረጥን አይችልም፤ በዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ፣ በሊኑክስ ኢኤክስቲ 4 ያድርጉት።

ማውረዱ ካለቀ ዲቢካሹን ወደ 450 ይመልሱ፤ ከዚያ በኋላ ትልቁ ካሽ የሚሰጥዎ ጥቅም ትንሽ፣ አደጋው ግን ብዙ ነው። ማውረድ ላይ ሳሉም በእርስዎ ሁኔታ ከ1000 አይለፉ። ዩፒኤሱን ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻ ያያይዙ፣ ማተሚያና ድምፅ ማጉያ ይቅርበት። ዋናው ነገር ከመግዛትዎ በፊት ሰዓት ይዘው አንድ ጊዜ ኖዱን በደንብ መዝጋት ነው። ዩፒኤሱ የሚይዝልዎ ጊዜ፣ ዲበግ ዶት ሎግ የሚባለው ፋይል መጨረሻ ላይ ሻትዳውን ደን የሚለው እስኪጻፍ ከወሰደው ያነሰ መሆን የለበትም። መስኮቱ ጠፋ ማለት ፕሮግራሙ ተዘጋ ማለት አይደለም። ሊኑክስ ላይ ኖዱን እንደ ሰርቪስ የሚያስነሱ ደግሞ ሲስተምዲ በተለመደው 90 ሴኮንድ ጠብቆ በኃይል እንደሚገድለው ይወቁ፤ የማቆሚያ ጊዜውን 600 ሴኮንድ አድርጉት። ባትሪው የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ካለዎት ከዴስክቶፕና ዩፒኤስ እሱን እንመርጣለን።

ጽሑፉ ሲመጣ እሺ ለማለት አይቸኩሉ። ገመዱን፣ የዲስኩን ነፃ ቦታና የኮምፒውተሩን ሰዓት አይተው እንደገና ያስነሱት። ካልሆነ፣ ሪኢንዴክስ ቼይንስቴት የሚል ቀለል ያለ ትእዛዝ አለ፤ ዲስክ ላይ ካሉት ብሎኮች ተነሥቶ ቼይንስቴቱን ብቻ ይገነባል፣ ምንም አያወርድም። እዚህ ላይ ግን የፕሩን ጉድ ይመጣል፦ ብሎኮቹ ስለተሰረዙ ይህ ትእዛዝ ፕሩን ላደረገ ኖድ አይሠራም፣ የቀረው ሙሉ ሪኢንዴክስ ደግሞ ከዜሮ ማውረድ ነው። በየጊዜው የሚደርስብዎት እሱ ነው። ስለዚህ መብራት በብዛት በሚቆራረጥበት ሰፈር ላለ ሰው ምክራችን ከደሴው ጠያቂ ይለያል። 1 ቴራባይት ዲስክ ማግኘት ከቻሉ ፕሩን አያድርጉ። ፍጥነቱ እንዳይጎዳዎ ብሎክስዲር በሚለው ማስተካከያ የብሎክ ፋይሎቹን በሃርድ ዲስኩ፣ ቼይንስቴቱን በትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ያድርጉ። ቼይንስቴት በየሴኮንዱ እዚህም እዚያም ስለሚነበብ ነው ተራ ዲስክ የሚያንገዳግደው፤ ብሎኮች ግን በተራ ስለሚጻፉ ለሃርድ ዲስክ አይከብዱም።

ትልቅ ዲስክ ካልተገኘ፣ ኖዱን በደንብ ዘግተው ብሎክስንና ቼይንስቴትን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በሳምንት አንዴ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ። ፕሩን ላደረገ ኖድ ከ30 እስከ 35 ጊጋባይት ቢሆን ነው። ሲበላሽ ሁለቱንም መልሰው ያስቀምጣሉ፤ የሚጎድልዎት የሳምንት ብሎክ ብቻ ነው። የዛሬን ብሎክስ ከባለፈው ሳምንት ቼይንስቴት ጋር ማዳቀል ግን አይቻልም።

አልፎ አልፎ ዳታው ደህና ሆኖ ኖዱ ሌሎች የተቀበሉትን ብሎክ ልክ አይደለም ብሎ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ያኔ ራሙን ይጠርጥሩ። ሜምቴስት በሚባለው ፕሮግራም አንድ ሌሊት ይፈትሹት፣ የማራገቢያውን አቧራ ያራግፉ፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ከደሴ ብርድ ጋር አንድ አይደለም። ጥገናው ካለቀ በኋላ ኖዱ ያንን ብሎክ በራሱ አይመለከተውም፤ ሪኮንሲደርብሎክ ብለው ከነሃሹ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ኖዴ ሙሉ በሙሉ ተመሳስሏል ይላል። ግን በስልኬ ከማየው የብሎክ ቁጥር ሁልጊዜ 24 አካባቢ ይቀንሳል። አንዳንዴ 22፣ አንዳንዴ 27። ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው። ምን ሆኖ ነው? (ከደሴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ የኮምፒውተርህን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልተኸዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ 21:00 ማለት ሲገባው 15:00 ይልሃል፤ አይደለም እንዴ?

እያንዳንዱ ብሎክ የተሠራበት ሰዓት ተጽፎበታል። ኖድ የብሎኩ ሰዓት ከቀደሙት 11 ብሎኮች መካከለኛ ሰዓት (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ ከሚውለው) በላይ መሆኑን፣ ከራሱ ሰዓት ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ ቀድሞ አለመገኘቱን ያያል። ማዕድን አውጪዎች፣ ማለትም አዳዲስ ብሎክ የሚሠሩት፣ ሰዓት እየዋሹ በየ2016 ብሎኩ የሚስተካከለውን የሥራ ክብደት እንዳያጫውቱበት የተቀመጠ ደንብ ነው። ያንተ ኮምፒውተር 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ አሁን የተሠራ ብሎክ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚሠራ መስሎ ይታየዋል። ይመልሰዋል። 4 ሰዓት ሲያልፍ ልዩነቱ 2 ሰዓት ይገባና ይቀበለዋል። በሰዓት 6 ብሎክ ሒሳብ በ4 ሰዓት 24 ብሎክ። የያዘው የመጨረሻ ብሎክ ከራሱ ሰዓት የቀደመ ስለሚመስለው ደግሞ ተመሳስያለሁ ይላል። ሎጉ ውስጥ ታይም ቱ ኒው የሚል ካገኘህ በቃ እሱ ነው።

ዳታህ አልተበላሸም፤ ሪኢንዴክስ እንዳታደርግ። የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ የሚለውን መርጠህ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ፍቀድለትና ኖዱን ዘግተህ ክፈት። ዴስክቶፕ ሆኖ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ አልቃለች፤ እሷን መቀየር ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ባንድ ማሽን የጫኑ ሰዎችም ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይገኛሉ፤ እሱም ከ2 ሰዓት ስለሚበልጥ ያው ችግር ነው፣ የሚቀሩት ግን 6 ብሎክ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ኖድ ማቆየት ገንዘብ ያስገኛል? በሕግስ ይፈቀዳል? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አያስገኝም። በየብሎኩ የሚከፈለው፣ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ 3.125 ቢትኮይን የሆነው ሽልማት የማዕድን አውጪው ነው። ኖድ አቁሙና ትርፍ እንከፍላለን የሚላችሁ ሰው ካለ ራቁት። ሕጉን በተመለከተ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የክሪፕቶ ግብይት እንዳልተፈቀደና የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑን አስታውቋል። እኛ እዚህ የምንመልሰው ሶፍትዌሩ ዳታን እንዴት እንደሚይዝና እንደሚያረጋግጥ ብቻ ነው፤ ለመገበያየት ያሰበ ሰው የሕግ ባለሙያ ያነጋግር።

ጥያቄ፦ ማዕድን አውጪዎቹ አረጋግጠው ካስገቡት፣ የኔ አሮጌ ላፕቶፕ እንደገና ማረጋገጡ ምን ይጨምራል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አውጪዎቹ ሁልጊዜ አያረጋግጡም። በጁላይ 2015 አዲስ የፊርማ ደንብ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ አንዳንድ ትልልቅ አውጪዎች ጊዜ ለመቆጠብ ብለው የሌላውን ብሎክ ሳይፈትሹ በላዩ ላይ ይሠሩ ነበር። አንድ ልክ ያልሆነ ብሎክ ተነሣ፣ በላዩ ተደራረበና 6 ብሎክ ደረሰ። አዲሱን ፕሮግራም የያዙ ሙሉ ኖዶች አንዱንም አልተቀበሉም። ራሳቸው የማይፈትሹ ቀላል ዋሌቶች ግን ስለተታለሉ ተጠቃሚዎቹ ከተለመደው ሌላ 30 ማረጋገጫ (በላዩ የሚደራረብ ብሎክ) እንዲጠብቁ ተነገራቸው።

ከዚያ በፊት በማርች 2013 የደረሰው ደግሞ ማከማቻ ራሱ ማረጋገጥን ሊያዛባ እንደሚችል ያሳየ ነው። ስሪት 0.8 የቀድሞውን በርክሌይ ዲቢ ትቶ ቼይንስቴቱን ወደ ሌቭል ዲቢ አዛወረ። አሮጌው ዳታቤዝ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የመቆለፊያ (ሎክ) ብዛት ወሰን ነበረው፤ ማንም እንደ ደንብ አላየውም ነበር። ብዙ ግብይት የያዘ አንድ ብሎክ ሲመጣ 0.8 ተቀበለው፣ 0.7 ወሰኑ አልፎበት ውድቅ አደረገው። ሰንሰለቱ ለሁለት ተከፈለ፤ አውጪዎች ወደ 0.7 ተመልሰው አዲሱን ቅርንጫፍ እስኪተዉት ድረስ ሰዓታት ወሰደ። የፕሮግራሙ አዘጋጆች ቼይንስቴት ላይ የሚደረግን ማሻሻያ ሁሉ እስካሁን በፍርሃት የሚመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው። እናንተም ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ያሻሻለውን ፈጣን ስሪት አትጫኑ።

ጥያቄ፦ የወር ጥቅሌን ኖዱ ጨረሰው። ማውረዱ ካለቀ ቆይቷል፤ ታዲያ ምን ይበላል? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ማውረድ ካለቀ በኋላ በቀን የሚሠሩት 144 ገደማ ብሎኮች ከ250 ሜጋባይት ብዙም አይዘሉም፤ በወር 7 ወይም 8 ጊጋባይት ነው። ጥቅል የሚጨርሰው ወደ ሌሎች መላኩ (አፕሎዱ) ነው። ሙሉ ታሪክ ያለው ኖድ ለአዲስ ገቢዎች የድሮ ብሎክ ሲያድል ውሎ ያድራል፤ ራውተርዎ ላይ 8333 የሚባለው በር ተከፍቶ ከሆነ በወር መቶዎች ጊጋባይት ሊወጣ ይችላል።

ሊስን የሚለውን ዜሮ ያድርጉት፤ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት ይቆማል፣ የእርስዎ ኖድ ግን ራሱ በሚከፍታቸው 10 ግንኙነቶች ሥራውን ይቀጥላል፣ ማረጋገጡ ላይ የሚጎድል ነገር የለም። በሩን ክፍት ማቆየት ከፈለጉ ማክስአፕሎድታርጌትን 1000 ያድርጉት፤ በ24 ሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። ይህ የድሮ ብሎክ ማደሉን የሚያቆም እንጂ ቁርጥ ያለ ገደብ ስላልሆነ ትንሽ ቢያልፍ አይገረሙ። በብሎክ ውስጥ ገና ያልገቡ ግብይቶች ወሬም ዳታ ይበላል፤ ብሎክስኦንሊ የሚለውን 1 ካደረጉ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ግን የተላከልዎ ክፍያ ብሎክ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አይታይዎትም፤ በዚያው ኖድ ዋሌት የሚጠቀሙ ከሆነ ይህኛውን ይተዉት።